ቀለምና አማና፦ ሼህ በክሪ ሳጳሎና የሠሩት ፊደል

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባለፈው ሳምንት ሶፊ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ከምናቀራቸው ልጆች አንዷ ስልኳን ይዛ መጣች። በኦሮምኛ የተገጠመ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዳሴ አነበበችልኝ። ቤት ይመታል፣ ቃላቱም ያምራሉ። አንብባ ስትጨርስ ግን ግጥሙን የገጠመው ሰው እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስልኳ ላይ ያለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በጥቂት ሰከንድ አውጥቶ የሰጣት ነው። ቀጥላም ጠየቀችኝ። ማሽኑ ይህን ከቻለ እኛ ሌሊት ቁጭ ብለን መሐፈዛችን፣ መጻፋችን፣ መግጠማችን ምን ይጠቅማል? ሰውን ሰው የሚያደርገው ነገር ከዚህ በኋላ ምኑ ላይ ነው?

የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ወደ ጁገል ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስበው፣ መልሱ ከኪታብ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዳለ ተሰማኝ። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው አይደሉም። የዚሁ የሐረርጌያችን ልጅ፣ ሼህ በክሪ ሳጳሎ ናቸው፤ ረሒመሁላህ። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የዛሬው የጁሙዓ ትዝታችን እሳቸው ይሁኑ።

ሙሉ ስማቸው አቡበከር ገራድ ዑስማን ኦዳ ነው። በክሪ የሚለው፣ አቡበከር የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ ሲያጥር የመጣ ነው። ሳጳሎ ደግሞ ያስተማሩበት መንደር ስም ነው። የእኛ አገር ሰው ዓሊሞቹን በሚያስቀሩበት ቦታ መጥራት ልማዱ ነው። ወሎዬዎች የሾንኬው ሼህ፣ የዳናው ሼህ እንደሚሉት ማለት ነው። ይህችን የመንደር ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። የጨለንቆ ጦርነት ተደርጎ የሐረር አሚሮች ዘመን ካበቃ ገና ስምንት ዓመት አካባቢ ነበር። አገሩ በአዲስ አስተዳደር፣ በአዲስ የመሬት ሥርዓትና በአዲስ የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ የገባበት ጊዜ ነው። አባታቸው ገራድ ዑስማን መሬት ያላቸው፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ልጁ በአባቱ መሬትና ስም ተከብሮ መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን የደረሳን መንገድ መረጡ።

የደረሳ ሕይወት ምን እንደሆነ ያልቀራ ሰው ላያውቀው ይችላል። ኪታብህን በክንድህ ይዘህ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው በእግር ትሄዳለህ። አንዱ ዘንድ ነሕው ትቀራለህ፣ ሌላው ዘንድ ፊቅህ፣ ሌላው ዘንድ ተፍሲር። የምትበላው የመንደሩ ሰው ያካፈለህን ነው። ሌሊት በኩራዝ ታነባለህ፣ ጠዋት በሼኹ ፊት ተንበርክከህ ትሰማለህ። ሼህ በክሪም በዚህ መንገድ ጨርጨርን ጨምሮ በሐረርጌ ዑለማዎች ዘንድ ረጅም ዓመታት ቀሩ። ዒልማቸው ሲሞላ አስተማሪ ሆነው ተቀመጡ፤ ደረሶችም ከየአቅጣጫው ወደ ሳጳሎ ይመጡ ጀመር።

እሳቸው ዘንድ የመጣ ደረሳ ፊቅህና ዐረብኛ ብቻ አልነበረም የሚማረው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የከዋክብት ዕውቀትም ያስተምሩ ነበር። ዱንያና ዲን ተለያይተው የሚቀመጡ ሁለት መደርደሪያዎች ናቸው ብለው አላመኑም። ሰማይን የዘረጋው አላህ ነው፤ ስለዚህ ሰማይን ማጥናትም የእሱን ሥራ ማስተዋል ነው።

ሕዝቡ ዘንድ ያደረሳቸው ግን ግጥማቸው ነበር። በዐረብኛ መግጠም ይችሉ ነበር፤ ገጥመዋልም። ነገር ግን ዐረብኛው የሚደርሰው ለቀራ ሰው ነው። ማሽላ የምትጠብቀው እናት፣ ከብት የሚያግደው ልጅ፣ ገበያ የሚውለው ነጋዴ ምን ይድረሳቸው? ስለዚህ በኦሮምኛ ገጠሙ። ግጥሞቻቸውን ሰው በቃሉ ይዞ ከመንደር መንደር አዛመታቸው። ማንበብ የማይችል ሰው ዲኑንና ታሪኩን በገዛ አፉ ቋንቋ መያዝ ቻለ። አላህ (ሱ.ወ) መልእክተኞቹን ሁሉ በየሕዝባቸው ቋንቋ እንደላከ በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል። የቋንቋዎቻችንን መለያየትም በሱረቱ ሩም ከተአምራቱ መካከል ቆጥሮታል። ሼኹ ይህንን ከልባቸው የተረዱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአፍ የሚያዝ ነገር ይረሳል። ግጥሙ በወረቀት መስፈር አለበት። በምን ፊደል?

የአገራችን ዓሊሞች ለዚህ አንድ የቆየ መፍትሔ ነበራቸው፤ ዐጀም ይባላል። የአገሩን ቋንቋ በዐረብ ፊደል መጻፍ ነው። የሐረር ሰው አደርኛውን በዚህ ጽፏል። በወሎ እነ ሼህ ጦልሀ ቢን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን በዚህ ጽፈዋል። ትልቅ ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ የዐረብ ፊደል ለዐረብኛ የተበጀ ልብስ ነው። የኦሮምኛ ሰውነት ላይ ሲደረግ አንዳንድ ቦታ ይጠባል። ዐረብኛ ጨ የለውም፣ ዸ የለውም፣ ጰ የለውም። አናባቢዎቹን ለመለየት ያሉት ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ኤ እና ኦ የራሳቸው ምልክት የላቸውም።

ያቺን የመንደር ስም አሁን እናንሳት። ሳጳሎ። መካከሏ ላይ ጰ አለ፣ መጨረሻዋ ላይ ኦ አለ። ስንት ኪታብ በዐረብኛ የሚያነቡት ሼህ፣ የሚጠሩበትን የገዛ መንደራቸውን ስም በሚወዱት ፊደል እንዳለ ማስፈር አይችሉም ነበር ማለት ነው።

የግዕዙ ፊደልስ? ጰ አለው፣ ጨም አለው። ነገር ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ማጥበቅንና የድምፅን ርዝመት አያሳይም። በአማርኛ አለ ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለታችን ይሁን ይገኛል ማለታችን፣ የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በኦሮምኛ ይህ ይበዛል። በዳ የሚለው ቃል ዳው ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። ቦና በአጭር ኦ በጋ ነው፤ ኦው ሲረዝም ኩራት ይሆናል። የሚጽፈው ሰው ያውቀዋል፤ የሚያነበው ግን ይገምታል።

ሼህ በክሪ ታዲያ ምን አደረጉ? ቁጭ ብለው የእናታቸውን ቋንቋ አዳመጡ። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ፣ የቱ አጭር የቱ ረጅም፣ የቱ ላላ የቱ ጠበቅ እንደሚል ለዩ። ተጅዊድ የቀራ ሰው ይህን ማድረግ ያውቅበታል። የሐርፎችን መውጫ፣ የመድን ርዝመት፣ የሸዳን ጥብቀት ስንማር የምናሠለጥነው ይህንኑ ጆሮ ነው። ለቁርኣን የሠለጠነውን ጆሮ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አዞሩት ማለት ይቻላል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1956፣ ዕድሜያቸው 60 ከደፈነ በኋላ፣ ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል ሠሩ። ቅርጾቹ ከዐረብም ከግዕዝም ከላቲንም የተወሰዱ አልነበሩም። የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ተነባቢውና አናባቢው እንደ ግዕዙ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ መልኩ ግን የራሱ ነው።

60 ዓመት! በዚያ ዕድሜ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ማረፍ ይመኛል። እሳቸው ደግሞ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀመሩ።

ፊደሉ ደረሶቻቸው ዘንድ ገባ። ተማሩት፣ እርስ በርስም ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር። በዚያን ዘመን ግን ኦሮምኛ በትምህርትም በፍርድም ቦታ አልነበረውም፤ የኦሮምኛ ፊደል ይዞ መነሳት በመንግሥት ዘንድ እንደ አመጽ ታየ። ፊደሉ ታገደ። ሼኹም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ። በሌላ አገር ቢሆን ያሸልም የነበረ ሥራ እሳቸውን አሳሰራቸው። በእስሩም ውስጥ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በዚያው በታገደው ፊደል ይጽፉ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበልና የልጅቷን ጥያቄ እናንሳ።

አባታችን አደም (ዐ.ሰ) በመላእክት ላይ የተከበረው በምን ነበር? በሱረቱል በቀራ እንደተነገረን አላህ ስሞችን ሁሉ አስተማረው። መላእክት ስለነዚያ ነገሮች ሲጠየቁ ካስተማርካቸው በስተቀር ዕውቀት እንደሌላቸው ተናገሩ። አደም ግን ስሞቹን ነገራቸው። ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሒራ ዋሻ የወረደው የመጀመሪያው ወሕይም ስለ ማንበብና በብዕር ስለ ማስተማር ነበር። የሰው ልጅ ታሪክ በስም ተጀመረ፣ የዚህ ኡማ ታሪክ በብዕር ተጀመረ። በሁለቱም ቦታ ግን የሚያስተምረው አላህ ነው፤ ሰው ተማሪ ነው።

ለዚህ ነው ዓሊሞቻችን ፈጠራ ስለሚባለው ነገር ሲናገሩ የሚጠነቀቁት። ካለመኖር ማስገኘት የአል-ኻሊቅ፣ የአል-በዲዕ ብቻ ነው። ሰው የተሰጠውን ያቀናጃል። ሼህ በክሪም ድምፆቹን አልፈጠሩም። ድምፆቹ በእናቶቻቸው አፍ ነበሩ። ማሰሪያ ሠሩላቸው እንጂ።

እንዲህ ከሆነ አንድ ብልህ ልጅ ይጠይቀኛል። ማሽኑም እኮ የተሰጠውን ነው የሚያቀናጅ፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ፕሮግራሙን አዲስ ፊደል ሥራልኝ ብትሉት ምሳ ሳትበሉ 40 ቅርጽ ይሥላል። ምናልባት የሼኹን የሚያህል ቆንጆ ይሆናል። በውጤቱ ብቻ ከለካነው ክርክሩን ልንሸነፍ እንችላለን።

እኔ ልዩነቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ ፊደሉ ቢታገድ የሚያጣው ነገር የለም። ማንም ሳያዘው፣ የአንዲት መሃይም እናት ነገር አንገብግቦት ከእንቅልፉ አይነሳም። ሼኹ ግን ለማን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር፣ ለምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር፣ ዋጋውንም በገላቸው ከፈሉ። በሱረቱል አሕዛብ እንደተነገረን አማና ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች በቀረበ ጊዜ ፈርተው እምቢ አሉ፤ ሰው ተሸከመው። አማና ማለት ስለ ሥራህ የምትጠየቅበት ነገር ነው። ተጠያቂ የሚሆን ደግሞ እኔ ነኝ ማለት የሚችል፣ መርጦ የሚሠራ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሥራ የሚለካው በኒያ ነው ሲሉን ይህንኑ አስተማሩን። ኒያ የሌለው ግጥም ቤት ሊመታ ይችላል። ሰዋብ የሚያገኝበት፣ በቂያማ ቀን ስለሱ የሚጠየቅ ባለቤት ግን የለውም።

ስለ እስራቸው ሳስብ ኢብን ሲና ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037 የኖረው ይህ ሐኪምና ፈላስፋ አንድ ጊዜ ፈርደጃን በሚባል ምሽግ ታስሮ ነበር፤ በእስሩም ጽፏል። ከጻፋቸው ምሳሌዎች አንዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የተፈጠረ ሰው ነው። ይህ ሰው አያይም፣ አይሰማም፣ እጁ እግሩን አይነካም። ኢብን ሲና እንደሚያስረዳው፣ ያ ሰው ስለ አካሉ ምንም ባያውቅም መኖሩን ግን ያውቃል። በውስጣችን ራሷን የምታውቅ ነፍስ አለች ለማለት ነው። የሩሕን ምንነት በሚመለከት አላህ ጥቂት ዕውቀት ብቻ እንደሰጠን በሱረቱል ኢስራእ ነግሮናል፤ ስለዚህ ከዚያ አልፌ አልፈላሰፍም። ድሬዳዋ ላይ የታሰሩት ሽማግሌ ግን ይህን በሕይወታቸው አሳይተውናል። የእግራቸው መሄጃ ተቆጠረ፤ የውስጣቸው ሥራ ግን ቀጠለ።

የሕይወታቸው መጨረሻ ያሳዝናል። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብርም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ሼህ ከባለቤታቸው ጋር አገራቸውን ለቀው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። አብዛኛው ጽሑፋቸው አልታተመም ነበር። በሂራን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ብዙ ታመሙ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1980 እዚያው ወደ አኼራ ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

በዓመቱ፣ በ1981፣ ሪቻርድ ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን ስለ ፊደላቸው ጥናት ጽፈው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ አወጡ። ዓለም በዚያ በኩል አወቃቸው። ከ1991 በኋላ ደግሞ ኦሮምኛ የትምህርትና የሥራ ቋንቋ ሲሆን የተመረጠው የላቲኑ ቁቤ ሆነ። የሶፊ ልጆችም ዛሬ የሚማሩት በዚያ ነው። የሼህ በክሪን ፊደል በየቀኑ የሚጽፍበት የለም።

ታዲያ ከሰሩ? በዱንያ ሒሳብ ብትሉኝ ፊደሉ ከገበያ ወጥቷል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለበት ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል አዘዋል። ያንን ችግኝ ማን በጥላው ይቀመጣል? ማን ፍሬውን ይበላል? ማንም። ትእዛዙ ግን አለ። ሼኹ ችግኛቸውን ተክለዋል። ቋንቋችን ይጻፋል፣ ዲን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራል ብለው ያመኑት እምነት ደግሞ በሌላ ፊደል ቢሆንም ዛሬ በየመድረሳው ቆሟል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ለሌላው መምከር ቀላል ስለሆነ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሳምንቱ አጨናንቆኝ ኹጥባዬን ያን ፕሮግራም አስጻፍኩት። አያቱን መረመርኩ፣ ሐዲሱን አረጋገጥኩ፣ ስሕተት አላገኘሁበትም። ሚንበር ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ሰዉ አልቅሶም ነበር። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔ ግን ያን ዱዓ መቀበል አፈርኩ። በዚያ ሳምንት ስለዚያ ሰው አላሰብኩም፣ አላነበብኩለትም፣ ሌሊት ተነስቼ ምን ልበለው ብዬ አላህን አልጠየቅኩለትም። ቃሉ ደርሶታል፤ እኔ ግን አልነበርኩበትም። ማንም አላወቀም፤ እኔ አውቃለሁ፣ አላህም ያውቃል።

መሣሪያው ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ብዕርም መሣሪያ ነው፣ ማተሚያም መሣሪያ ነው። ኪታብ ፈልጉበት፣ ቋንቋ ተማሩበት፣ ሒሳብ ሥሩበት። ልባችሁ መገኘት ያለበት ቦታ ላይ ግን ወኪል አትላኩ። ለእናታችሁ የምትጽፉት፣ ለነብያችሁ የምታወርዱት ሶለዋት፣ ለጌታችሁ የምታደርጉት ዱዓ፣ ለሕዝባችሁ የምትሠሩት ሥራ የእናንተ ይሁን። ቢንተባተብም ቤት ባይመታም የእናንተ ይሁን።

ለዚያች ልጅ ማክሰኞ ዕለት ይህንን የሼኹን ታሪክ ነገርኳት። አንድ የቤት ሥራም ሰጠኋት። ወደ አያቷ ሄዳ፣ ዛሬ ሰው የማይጠቀምባቸውን 10 የኦሮምኛ ቃላት ጠይቃ በእጇ ጽፋ እንድታመጣ ነው። ትናንት ይዛ መጣች። 14 ነበሩ። አያቷ ስትነግራት መሳቅ ጀምራ፣ ኋላ የሞተች እህቷን አስታውሳ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ከቃላቱ ሦስቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር።

የእናንተም የቤት ሥራ ይኸው ነው። ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ፣ በነብያችን ላይ ሶለዋት ስታበዙ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው አጠገብ ቁጭ በሉ። አደርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ አማርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ አንድ ቃል ጠይቁና በእጃችሁ ጻፉ።

ያ አላህ፣ ለሼህ በክሪ ሳጳሎ ማረን፣ ቀብራቸውን የጀነት ጨፌ አድርግላቸው። ለቀደሙት ዓሊሞቻችን ሁሉ ራሕመትህን አውርድላቸው። ከማይጠቅም ዕውቀትና ከማይፈራ ልብ ጠብቀን። የሰጠኸንን አማና የምንሸከምበት ጉልበት ስጠን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።